ሳሉ ከቆመ በኋላ

በልብስ ፋብሪካው ውስጥ የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ፈታሿ ነው የሚሏት። ከወጣትነቷ ጀምሮ ሥራዋ፣ ከመውጫው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ቆማ ከፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች መፈተሽ ነው። ቦርሳ ታስከፍታለች፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ታነሳለች፣ በእጇ ጀርባ ወገብና ብብት ትዳብሳለች። ዚፕ በካልሲ፣ የክር ጥቅል በጡት መያዣ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ የሕፃን ካፖርት ሆድ ላይ ታስሮ እርግዝና መስሎ ሲወጣ ይዛለች። ያቺን ሴት የያዘቻት በሆዷ ትልቅነት ሳይሆን በአረማመዷ ነበር፤ እርጉዝ ሴት እንዲያ አትፈጥንም።

ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት፣ «የሚለፈልፍ ሰው አያስፈራኝም» ትላለች። «የሚያስፈራኝ ሲለፈልፍ የኖረው ድንገት ዝም ሲል ነው።»

ችግሩ ጥርጣሬዋን ከደንብ ልብሷ ጋር አውልቃ መስቀል አለመቻሏ ነበር። ወተት ሻጩን ትጠረጥራለች፣ ቆጣሪ አንባቢውን ትጠረጥራለች፣ ያለ ምክንያት ፈገግ የሚልላትን ጎረቤት ደግሞ አብልጣ ትጠረጥራለች። ትዳሯም አልሰነበተም። የሰፈሩ ሰው ባሏ የሄደው በየማታው ኪሱን ማስፈተሽ ሰልችቶት ነው እያለ ይቀልዳል። እሷ ግን ኪሱ ውስጥ ምን እንዳገኘች ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከባሏ ስትለይ ተመልሳ የገባችው አባቷ ቤት ነው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የመናኸሪያ ጠሪ ነበሩ። የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የቱ ወንበር እንደቀረው፣ የማን ዕቃ ጣሪያ ላይ እንዳልተጫነ በባዶ ጉሮሯቸው ያውጃሉ። ድምፅ ማጉያ ሲመጣም ትንሽ ሞክረው፣ ይሄ ነገር ድምፄን ያሳንሰዋል ብለው ለዘበኛው ሰጡት። መንገደኛው ሁሉ የሚያውቃቸው «ድምፁ» በሚል ቅጽል ነበር። እቤታቸው ሆነው ውሃ ስጡኝ ሲሉ ማዶ ያለው ጎረቤት ብድግ ይል ነበር ይባላል።

ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፣ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ትንሽ ዘመም አለ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎም ቢሆን ተረፈላቸው። ከፊት ለፊቱ ክፍል፣ መንገዱን የሚያሳየው መስኮት ሥር አልጋ ተዘረጋላቸውና እዚያ ሆነው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ወደማይሄድበት አገር እየጠሩ ልጆቻቸውን ያስቁ ጀመር።

ወንድ ልጃቸው የረዥም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ቀን ቀን የሚያስታምማቸው የእሱ ሚስት ሆነች። ይህቺ ምራት በሰው ፀጉር ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ ሴት ነበረች። አማቷ ሲታመሙ ሥራዋን ትታ እቤት ዋለች። ፈታሿ ይህን ውለታ ብላ አልቆጠረችውም። የቆጠረችው ሌላ ነገር ነው። ምራቲቱ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን ከፊት ለፊቱ ክፍል መሃል ቆማ፣ «ይቺ ክፍል ፀጉር ቤት ብትሆን ብርሃኗ ልዩ ነበር» ብላ ነበር። ሌላው ሰው ረሳው። ፈታሿ ግን እንደዚህ ያለውን ነገር ለክፉ ቀን የምታስቀምጥበት ቦታ አላት።

መጀመሪያ የመጣው ትንታ ነው። አባትየው ሻይ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ያስላሉ፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መናኸሪያ ያሉት ስሜን እያነሱ ነው፤ ያለ እኔ አውቶቡሱ ጠፍቷቸዋል» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። ውሃ ሲጠጡም ይስላሉ፣ ሾርባ ሲጠጡም ይስላሉ። ዳቦ ወይም የተፈጨ ድንች ሲበሉ ግን ያን ያህል አይደለም። ይህን ልብ ያለው አልነበረም። ሽማግሌ ይስላል፤ ማን ይገረማል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አላቸውና ብርድ ልብስ ተደራርቦላቸው እንኳን ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ጀመር። ትኩሳታቸው እንደ ምድጃ ነደደ። ቀኝ ጎናቸውን ሲተነፍሱ ይወጋቸው ነበር፤ የተፉት አክታም ቡናማ ሆኖ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ሳንባ ምች ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ዳኑ። ፈታሿ ጥፋቱን በመስኮቱ ላይ ጣለች፣ ከመስኮቱም አልፋ ከፍታው በዋለችው ምራት ላይ። ምራቲቱ መስኮቱን ዘግታ ክፍተቱን በጨርቅ ወተፈች።

መስኮቱ እንደተወተፈ በሽታው ተመልሶ መጣ። ያው ትኩሳት፣ ያው ቀኝ ጎን፣ ያው የሚሸት አክታ። ጤና ጣቢያው እንደገና አከማቸው፤ በዚህ ዕድሜ ይመላለሳል አሏት። ፈታሿ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልተቀበለችም። እንግዲህ ብርድ አይደለም ማለት ነው። ብርድ ካልሆነ ምንድን ነው? ወይስ ማን ነው?

በዚያን ሰሞን የአባቷ ሳል ሌሊቱን ያስቸግራት ነበር። ንጋት ላይ ፈረቃ የሚገባ ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋልና፣ አንድ ጠዋት ለምራቲቱ በቁጣ፣ ቀኑን ሙሉ አብረሻቸው እየዋልሽ ይህን ሳል አንድ የምትይው ነገር የለም ወይ ብላ ተናግራ ወጣች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳሉ ቆመ።

ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ጎረቤት እየመጣ እንኳን ማረዎት አላቸው። ሾፌሩ በስልክ፣ ይድናሉ አላልኳችሁም አለ። ፈታሿ ብቻ ደስ አላላትም። ሲለፈልፍ የኖረው ዝም ብሎባታል።

ደግሞም የዳነ ሰው እንዲህ አይሆንም። አባቷ ቀን ላይ ያንቀላፋሉ። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ከሰዓት በኋላ ግንባራቸውን ስትነካው ለብ ይላል፤ የሚያቃጥል አይደለም፣ ግን የጤና ሙቀትም አይደለም። ከሁሉም የከነከናት ድምፃቸው ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ «ደህና ዋይ» ሲሏት ድምፃቸው የጠራ ነው። ከሥራ ስትመለስ ግን አፋቸው ውስጥ ውሃ ይዘው የሚናገሩ ይመስል ይንቦጫረቃል። ጉሮሮዎን ይጥረጉ ስትላቸው ጠርጌያለሁ ይሏታል። እንግዲህ ጠዋትና ማታ መካከል አንድ ነገር ይደረጋል ማለት ነው። ጠዋትና ማታ መካከል ደግሞ ከአባቷ ጋር ያለችው አንዲት ሴት ናት።

ራት የምታበላቸው ፈታሿ ራሷ ነበረች። ከራት በኋላ ግን ድምፃቸውን አዳምጣ አታውቅም፤ ትራሳቸውን ዝቅ አድርጋ፣ ብርድ ልብሱን አልብሳ፣ ሰሃን ለማጠብ ትሄዳለች።

ምርመራዋን ጀመረች። ብርጭቆዎቹን አሸተተች። የቆሻሻ መጣያውን በእንጨት ገላለጠች። ምራቲቱ ልብስ ስታሰጣ ቦርሳዋን ከፍታ በሠለጠነ እጇ በረበረች፤ ማበጠሪያ፣ መቀስ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የባሏ ትንሽ ፎቶ፣ ሌላ ምንም የለም። ሁሉንም እንደነበረ መለሰች፣ ወይም የመለሰች መሰላት። በማግስቱ ምራቲቱ ከወትሮው ይበልጥ ዝም አለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙም ቀድማ ዓይኗን ትሰብራለች። ፈታሿ ለራሷ፣ በር ላይ ብትሆን ኖሮ ይህቺን ሴት ወደ ጎን ቁሚ እላት ነበር አለች።

ለወንድሟ ደወለች። በግልጽ አልተናገረችም፤ ዙሪያውን ዞራ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ሚስቱ ዝምታ አነሳችበት። እሱ ነገሩን ወዴት ልትወስደው እንደሆነ ገባው።

«እህቴ፣ ሥራሽን ፋብሪካው በር ላይ ትተሽ ግቢ» አላት። «እሷ ለኔ ብላ አይደለም አባባን የምታስታምመው። ትወዳቸዋለች።»

እንዲህ ብሎ ቢቆጣትም አልተወችም። ያለ ምክንያት እንዲህ የሚያምን ሰው ተታሏል ማለት ነው ብላ አሰበች።

አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ከፈረቃ ኃላፊዋ አስፈቀደችና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወደ ቤት ተመለሰች። በፊት ለፊቱ በር አልገባችም። በጓሮ ዞራ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ መሃለኛውን ክፍል አልፋ፣ ሁለቱን ክፍሎች ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ቆመች።

በመጋረጃው ጠርዝ አየች። አባቷ በአንዲት ትራስ ተደግፈው ጋደም ብለዋል፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ተንጋሏል፣ ዓይናቸው ከፈት ከደን ይላል። ምራቲቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። እያጎረሰችም ወሬ ትነግራቸዋለች፤ ድሮ ፀጉር ቤት የምትመጣ አንዲት ደንበኛ ቀለሙ ሳይታጠብ ሰርግ ሄዳ ሙሽሪትን ስትስም ጉንጯን እንዳጠቆረችባት። አባትየው ሾርባው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ሳቁ። ከከንፈራቸው ጥግ ፈሰስ አለ። ምራቲቱ በፎጣ ጠረገችላቸው። ሲውጡ ጉሮሯቸው አንዴ ከፍ አለ፣ ደገመ፣ ደግሞም ደገመ፤ አንድ ማንኪያ ሾርባ እንደ ድንጋይ የከበዳቸው ይመስል ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልሳሉም። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ድምፅ ያው የሚንቦጫረቀው ነው።

ፈታሿ እስካሁን ያየችው ግን ክፉ ነገር አልነበረም። መርዘኛ ሰው እንዲህ አድርጎ አፍ አይጠርግም የሚል ሐሳብ ሽው አለባትና ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳች።

ያኔ ነው ምራቲቱ ወደ መሃለኛው ክፍል ገልመጥ ብላ፣ እጇን ሹራቧ ውስጥ ሰዳ፣ ከብብቷ ሥር ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ያወጣችው። ማንኪያው ላይ ቀዳችና ወደ አባቷ አፍ አስጠጋችው።

ፈታሿ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የእጅ አንጓዋን ያዘችው፤ ማንኪያው ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምንድን ነው የምታጠጫቸው?»

ምራቲቱ ፊቷ አመድ ሆነ። «መድኃኒት ነው፣ እትዬ። የሳል...»

«ሳል የላቸውም! ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ?»

ምራቲቱ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ያኔ ወደ አልጋው ዞሩ። አባትየው ትንፋሻቸው አጥሮ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፤ ሩጫ ላይ የዋሉ ይመስላሉ። ደረታቸው ውስጥ የሚፈላ ነገር ይሰማል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና፣ በዚያ በረጠበ ድምፅ፣ «ትኬት ያልቆረጠ ይውረድ» አሏት። አላወቋትም። ግንባራቸውን ስትነካው እሳት ነበር።

ፈታሿ ጠርሙሱን ኪሷ ከታ ታክሲ ልትጠራ ወጣች። እስክትመለስ ድረስ ምራቲቱ አባትየውን ከኋላቸው ሆና ደግፋ ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው። መኪናው ውስጥም ፈታሿ ከታክሲ ነጂው ጎን ሆና በመስታወቱ የምትመለከተው አባቷን ሳይሆን የምራቲቱን እጆች ነበር።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ነርሶች ጭንቅላታቸውን ከፍ አድርገው አስተኟቸው፣ ኦክስጅን ሰኩላቸው፣ ደም ቀዱ፣ ራጅ አነሷቸው። የተረከበቻቸው ሐኪም ፀጉሯን በጥንቃቄ የተሠራች ጎልማሳ ሴት ናት። ፈታሿ ወደ ጎን ወስዳ ጠርሙሱን በመሃረብ ጠቅልላ ሰጠቻት። የጣት አሻራ እንዳይጠፋ ነው መሃረቡ።

«ይህንን ነው በድብቅ ስታጠጣቸው የያዝኳት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ይመርመርልኝ።»

ሐኪሟ መሃረቡን ፈትታ ጽሑፉን አነበበች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። አልሳቀችም፤ ለዚህም ፈታሿ ኋላ ላይ አከበረቻት። መርዝ እንዳልሆነ፣ ከማንኛውም ፋርማሲ የሚገዛ የሳል ሽሮፕ እንደሆነ፣ ግን ሳል የሚያፍንና እንቅልፍ የሚጥል ዓይነት እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ምራቲቱንም ጠርታ ሁለቱን አንድ ላይ ትጠይቃቸው ጀመር። ሲጠጡ ይስሉ ነበር? ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ይቀየራል? ምግብ ጉንጫቸው ውስጥ ይቀራል? ቁጭ ብለው ነው የሚበሉት ወይስ ጋደም ብለው? ክብደት ቀንሰዋል? አክታቸው ይሸታል? በመጨረሻዎቹ ቀናት ግራ ይጋባሉ፣ ከወትሮው በላይ ይተኛሉ?

ለጥያቄው ሁሉ መልሱ አዎ ነበር። አንዳንዱን ፈታሿ መለሰች፣ አንዳንዱን ምራቲቱ። ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሹን ሲያዩ ኖረው ተነጋግረው አለማወቃቸው ያኔ ታየ።

ሐኪሟ ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅላ የቀኝ ሳንባቸውን ታች አሳየቻቸው፤ ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ነጭ ደመና ለብሷል። ስትሮኩ የጉሮሯቸውን ጡንቻ ስላደከመው፣ የሚጠጡት ነገርና ምራቃቸው ሳይቀር ወደ ሆድ መሄዱ ቀርቶ በአየር ቧንቧው ሾልኮ ሳንባ ይገባል። ከአፍ ጀርም ይዞ ነው የሚገባው፤ እዚያ ያመረቅዛል። ብርድ አይደለም፣ መስኮትም አይደለም። መድኃኒት ሲወስዱ የሚሻላቸው የገባው ስለሚታከም ነው፤ የሚመለስባቸው ደግሞ መግባቱ ስላልቆመ።

«ሳሉኮ ቆሞ ነበር» አለች ፈታሿ።

«ክፋቱ እሱ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሳሉ የገባውን ሲያስወጣላቸው ነበር። አሁን ያለ ሳል ይገባል፤ ማንም አይሰማም። የሽማግሌ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ በትኩሳት አይጀምርም። መተኛት ሲያበዙ፣ ሲቀባዥሩ፣ ትንፋሻቸው ሲፈጥን፣ ድምፃቸው ሲረጥብ፣ ያኔውኑ ነው ይዞ መምጣት።»

ምራቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ጀመር። ሽሮፑን የገዛችው ሳሉን አንድ በይው ከተባለች በኋላ እንደሆነ፣ የደበቀችው ደግሞ በዚያ ቤት አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳን ሳትጠየቅ ማንሳት ስላቃታት እንደሆነ ተናገረች። ይህን ስትል ፈታሿን አላየቻትም።

ፈታሿ ግን አላመነችም። ሐኪሟ ለምን እንዲህ ቶሎ ነፃ አወጣቻት? ዓይኗ በሐኪሟ ፀጉር ላይ አረፈ። የሠራቻት ምራቲቱ ብትሆንስ? የድሮ ደንበኛዋ ብትሆንስ? ኮሪደር ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛን ጠጋ ብላ፣ ዶክተሯ ፀጉሯን የት ነው የምትሠራው ብላ ጠየቀች። የጽዳት ሠራተኛዋ ከላይ እስከ ታች አይታት መወልወያዋን ይዛ ሄደች።

ጥርጣሬዋን የሰበረው ቃል ሳይሆን አንዲት ማንኪያ ውሃ ናት። አባትየው ኦክስጅኑ ተነሥቶላቸው ልጃቸውን በስሟ በጠሩ ሰሞን፣ መዋጥን የምትፈትሽ ነርስ መጣች። ሙያዋ እሱ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚውጥ ማየት። አባትየውን ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችና «አ» ይበሉ አለቻቸው። ድምፃቸው ጠራ ብሎ ወጣ። አንዲት ማንኪያ ውሃ ሰጠቻቸው። ዋጡ። አልሳሉም። «አ» ይበሉ አለቻቸው እንደገና። ተንቦጫረቀ። ጠርገው እስኪጠራ ጠበቀችና ወፈር ያለ እርጎ አቀመሰቻቸው፤ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ አድርገው ይዋጡት አለቻቸው። ዋጡ። «አ።» ድምፃቸው እንደ መስታወት ጠራ።

ፈታሿ ወንበሯን አስጠግታ ይድገሙልኝ አለች። ነርሷ ለበሽተኛው ጥሩ አይደለም ብላ እምቢ አለቻት። ፈታሿ ግን አንዴም ቢሆን በዓይኗና በጆሮዋ ይዛዋለች። ውሃ ሰርጎ ሲገባ ሰምታለች፤ ማንም አልነካቸውም፣ ምንም አልተጨመረበትም።

ቀጥሎ ነርሷ ማታ የሚያበላቸው ማን እንደሆነ፣ ክኒን እንዴት እንደሚሰጧቸው ጠየቀች። ፈታሿ አሳየቻት፤ ክኒኑን ምላስ ላይ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸውን በእጇ ወደ ኋላ ቀና፣ ከዚያ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ። እንደዚያ ሲሆን ቶሎ ይወርዳል። ነርሷ በቁጣ ሳይሆን በትካዜ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዲህ ከሆነ የሳንባውን በር በርግዶ መክፈት ነው አለቻት። ፈታሿ እጇን ከአባቷ ማጅራት ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

ሁለቱም አንድ ላይ ተማሩ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽ መጉረስ፣ አንዱ ሳይዋጥ ሌላ አለማስከተል፣ የሚጠጣውን ማወፈር፣ ከበሉ በኋላ ቶሎ አለማስተኛት፣ አፋቸውንና ጥርሳቸውን በየዕለቱ ማጽዳት። እያኘኩ ወሬና ሳቅ የለም። ይህንን የመጨረሻውን ሲሰሙ አባትየው፣ «እንግዲያውስ እዚሁ ተዉኝ» አሉ።

በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ ምራቲቱ ፈታሿን አስቆመቻት።

«እትዬ፣ ቦርሳዬን የበረበርሽ ዕለት አውቄያለሁ» አለቻት። «ማበጠሪያዬን ጥርሱን ወደ ላይ አድርጌ አላስቀምጥም። ልብሴን ሰብስቤ ልሄድ ነበር። ያልሄድኩት ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ለወንድምሽም ብዬ አይደለም። እሳቸው ምሳ የሚበሉት እኔ ሳወራላቸው ነው። ብቻቸውን ያስጠላቸዋል።»

ፈታሿ ይቅርታ ማለት ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። የወጣው ግን፣ «ታዲያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» የሚል ነው። ምራቲቱ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

አባትየው ወደ ቤት ተመለሱ። ቤቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሾፌሩ ከመንገድ ሲመለስ ሚስቱ ሌላ ቤት እንከራይ አለችው፤ አባባ ትንሽ ይጠንክሩና እንሄዳለን ተባብለው ተዉት። እስከዚያው ምራቲቱ አዲስ አመል አመጣች። ወደ አባትየው ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ ፈታሿ እቤት ካለች፣ በሩ ላይ ቆም ብላ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ታሳያታለች። ሹራቧንም እጀታውን ትሰበስባለች። ፈታሿ በሥራዋ ላይ ስንት ሴት እጇን እንዲህ ዘርግታላታለች፤ አንዷም እንዲህ አላሳፈረቻትም። ተይ እንዳትላት አፍ አጣች፣ እያየች እንዳትተዋት ሆዷ አልቆረጠም።

ዝናብ በበዛበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ የፋብሪካው በር ስልክ ጮኸ። ምራቲቱ ነበረች።

«ድምፃቸው ረጥቧል፤ ትንፋሻቸውም ፈጥኗል» አለች። «ትኩሳት የላቸውም። ግን አሁን አውቶቡስ የሚጠሩት ከምራቸው ነው፤ መንገደኛ እየፈለጉ ነው። ታክሲ ጠርቻለሁ፣ እዚያው ሆስፒታሉ በር እንገናኝ።»

ፈታሿ ስልኩን ስትዘጋ መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ፣ ዛሬስ ምን አጠጥታቸው ይሆን የሚለው ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ራሷን ታዘበች። ሐሳቡ እንዳለ ሆኖ ሮጠች።

ያቺው ሐኪም አዳመጠቻቸው፣ ራጅ አነሳቻቸው። ደመናው ትንሽ ነበር፤ ገና መጀመሩ ነው። ኦክስጅን እንኳን ሳያስፈልጋቸው መድኃኒቱን ጀመሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተለቀቁ። ሐኪሟ፣ ትኩሳት ሳይመጣ ማን ነው ያወቀባቸው ብላ ስትጠይቅ ፈታሿ ቀድማ በአገጯ ወደ ምራቲቱ አመለከተች።

«እሷ ናት» አለች። «ጆሮዋ ከኔ ይሻላል።»

ምራቲቱ ወለሉን አየች። ከዚያ ወዲያ መዳፏን በበሩ ላይ መዘርጋቷን ተወች፤ መቼ እንደተወች ግን ፈታሿ እርግጠኛ አይደለችም።

ቤት የመከራየቱ ነገር እስካሁን በወሬ እንዳለ ነው። አባትየው ከእንግዲህ እንደ ድሮው እንደማይጠሩ ታውቋል፤ ግን ከቁርስ በፊት መስኮቱ ሥር ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ ሁለት መኪና ይጠራሉ፣ ሁለቱ ሴቶችም የየራሳቸውን ሥራ እየሠሩ ድምፁ ጠርቶ እንደሆነ ያደምጣሉ። ምራቲቱ ወሬዋን ከምግብ በኋላ አድርጋዋለች፤ እሳቸውም ወሬው እንዳያመልጣቸው ቶሎ ቶሎ ልብላ እያሉ ያስቸግራሉ።

ፈታሿ ጥርጣሬዋ ጨርሶ አልለቀቃትም። ዕረፍት በሆነችበት ቀን ምራቲቱ የወፈረውን ሾርባ ይዛ ስትገባ፣ ሳይታወቃት ጎንበስ ብላ ጎድጓዳ ሰሃኑን አሸተተችው። ምራቲቱ አየቻት። ድሮ ቢሆን ዓይኗን ትሰብር ነበር።

«ቅመሺው እንጂ» አለቻትና ማንኪያውን ሰጠቻት።

ፈታሿ ቀመሰች። አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

«አውቄ ነው» አለች ምራቲቱ፣ «የደም ግፊትም አለባቸው»፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋችው።